«ጠንከር ያለውን ስጪኝ»፦ የመገጣጠሚያ ሕመምና የማስታገሻ ምርጫ

በሰበታና በአለም ገና፣ በቡራዩና በገፈርሳ፣ በሱሉልታና ከእርሷ ወዲያ ባሉት መንደሮች ሬዲዮናችሁን ከፍታችሁ ለምትጠብቁን ሁሉ የዛሬው የጤና ዝግጅታችን ስለ መገጣጠሚያ ሕመም ማስታገሻዎች ነው። ጉልበት፣ ወገብ፣ ትከሻ ወይም የእጅ ጣት ሲያመን ከፋርማሲ ስለምንገዛቸው ስለ ዲክሎፌናክ፣ ስለ አይቡፕሮፌን፣ ስለ ኢንዶሜታሲንና ስለ ዘመዶቻቸው እንነጋገራለን። እስክሪብቶና ወረቀት በቅርብ ያላችሁ ያዙ፤ የሌላችሁም ጆሯችሁን ስጡን።

አመሻሹ ላይ፣ ሰው ከሥራ በሚመለስበት ሰዓት፣ በእነዚህ ከተሞች ከሚገኝ አንድ ፋርማሲ ደጃፍ ቆም ብላችሁ ብታዳምጡ «ጠንከር ያለውን ስጪኝ» የሚል ድምፅ መስማታችሁ አይቀርም። ጠያቂዋ ቀኑን ሙሉ በአበባ እርሻ ቆማ የዋለች ሠራተኛ ልትሆን ትችላለች። ብሎኬት ሲያቀብል የዋለ የቀን ሠራተኛ፣ ከእንጦጦ ጫካ እንጨት ተሸክማ የወረደች እናት፣ ወይም ለዓመታት ሲሰግዱ ጉልበታቸው የተጎዳ አባት ሊሆኑም ይችላሉ። ሁሉም ያማቸዋል፤ ሁሉም ነገ ሥራ አለባቸው። ጠንከር ያለ መድኃኒት መፈለጋቸው አያስወቅሳቸውም።

ነገር ግን ጥያቄው ራሱ መንገድ ያስታል። እነዚህ መድኃኒቶች በትክክለኛ መጠናቸው ሲወሰዱ ሕመም በማስታገስ በኩል እምብዛም አይበላለጡም። አንዱ ለአንድ ሰው ሲስማማ ሌላው ላይስማማ ይችላል እንጂ ዲክሎፌናክ ጎበዝ፣ አይቡፕሮፌን ሰነፍ የሚባል ነገር የለም። ጎልቶ የሚለያያቸው ጨጓራን፣ ልብንና ኩላሊትን የሚጎዱበት መጠን ነው። ስለዚህ የፋርማሲ ባለሙያዋ መልሳ ልትጠይቃችሁ የሚገባት «ዕድሜዎ ስንት ነው? ደም ግፊት አለብዎት? ጨጓራዎ ደምቶ ያውቃል? ሌላ ምን ይወስዳሉ?» የሚለውን ነው። ካልጠየቀቻችሁ እናንተው ቀድማችሁ ንገሯት።

መድኃኒቶቹ እንዴት እንደሚሠሩ ጥቂት እንበል፤ የቀረው ሁሉ ከዚህ ስለሚመነጭ ነው። መገጣጠሚያ ሲቆጣ ሰውነታችን ፕሮስታግላንዲን የሚባል ንጥረ ነገር ያመርታል። እብጠቱን፣ ሙቀቱንና ሕመሙን የሚያባብሰው ይህ ነው። እንግሊዛዊው ተመራማሪ ጆን ቬን አስፕሪን የዚህን ንጥረ ነገር መመረት እንደሚገታ ያሳዩት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1971 ሲሆን፣ በ1982 ከሁለት ስዊድናውያን ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ዲክሎፌናክም ሆነ አይቡፕሮፌን የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው፤ ብግነትን፣ ማለትም ይህን መቆጣት ስለሚቀንሱ «ፀረ ብግነት» ይባላሉ። ችግሩ፣ ፕሮስታግላንዲን ሌላም ሥራ አለው። ጨጓራ ውስጥ አሲዱ ግድግዳውን እንዳይበላው የሚከላከለው ሽፋን እንደ ጭቃ ቤት ልስን በየጊዜው መታደስ አለበት፤ የሚያሳድሰውም እርሱ ነው። ኩላሊት ውስጥ ደግሞ፣ በተለይ ሰውነት ውኃ ሲያጥረው ወይም ዕድሜ ሲገፋ፣ የደም ሥሮቹ እንዳይጠቡ ይይዛል። የዋጥነው ኪኒን የጉልበቱን ከኩላሊቱ ለይቶ አያውቅም። ሁሉንም ይገታል።

አሁን አንዲት የሱሉልታ እናት በምሳሌነት እንውሰድ። ዕድሜያቸው ወደ ሰባ የተጠጋ ነው። ደም ግፊት አለባቸው፤ በጤና ጣቢያ ይከታተላሉ። አንድ ቀን ፋርማሲ ገብተው ባንኮኒው ላይ ፌስታላቸውን ይገለብጣሉ። «ልጄ፣ ግፊቱ አልወርድ አለኝ፤ እግሬም እያበጠ ነው። እስቲ ከእነዚህ ውስጥ የትኛው ነው የማይስማማኝ?» ይላሉ።

ፋርማሲስቷ አንድ በአንድ ትደረድራለች። ኢናላፕሪል አለ፤ ለግፊቱ ነው። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ አለ፤ እርሳቸው «የሽንት ኪኒን» የሚሉት፣ ይህም ለግፊቱ ነው። ኦሜፕራዞል አለ፤ ለጨጓራ። ከዚያ በመቀስ ለሁለት የተቆረጠ ስትሪፕ ይወጣል፤ ስሙ የተጻፈበት ወገን ሌላ ደንበኛ ጋ ሄዷል፤ የማብቂያ ቀኑም አብሮ ሄዷል። እንክብሎቹን አይታ ዲክሎፌናክ መሆናቸውን ትለያለች። በመጨረሻ አንድ ትልቅ የፕላስቲክ ብልቃጥ ይወጣል፤ አድቪል ነው፤ ልጃቸው ከአሜሪካ በሰው የላከችላቸው።

«እማማ፣ ይህን ለምን ይወስዱታል?»

«እሱማ ለራስ ምታት ነው። ለጉልበቴ የምወስደው ያኛውን ነው። ይሄ የአሜሪካ ነው፤ አይጎዳም።»

እዚህ ላይ ጠጋ ብለን እንይ። አድቪል ማለት አይቡፕሮፌን ነው፤ በአንዱ ፍሬ ውስጥ 200 ሚሊ ግራም አለ። ያው እዚሁ ፋርማሲ መደርደሪያ ላይ ያለው መድኃኒት ነው፣ ብልቃጡ ቢያምርም። ስለዚህ እኒህ እናት በአንድ ቀን ሁለት ፀረ ብግነት መድኃኒት ይወስዳሉ፤ ማስታገሱ እጥፍ አይሆንም፣ ጉዳቱ ግን ይደራረባል። ሁለቱም ሰውነት ውስጥ ጨውና ውኃ ያስቀራሉ፤ እግራቸው ያበጠው ከዚህ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም የግፊት መድኃኒቱን ኃይል ያዳክማሉ። ጤና ጣቢያው ስለ ፌስታሉ ስላላወቀ «ግፊቱ አልወረደም» ብሎ የኢናላፕሪሉን መጠን ሊጨምር ይችላል፤ ስህተቱ በስህተት ላይ ይገነባል።

ከሁሉ የከፋው ግን ኩላሊት ላይ ነው። እንደ ኢናላፕሪል ያለ የግፊት መድኃኒት፣ የሽንት ኪኒንና ፀረ ብግነት ማስታገሻ፣ እነዚህ ሦስቱ አንድ ሰው ላይ ሲገናኙ እያንዳንዳቸው በተለያየ በኩል ኩላሊት ደም የሚያጣራበትን ኃይል ይቀንሳሉ። ሰውየው ተቅማጥ ቢይዘው፣ ወይም ውኃ ሳይጠጣ ቢውል፣ ኩላሊቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሥራ ሊያቆም ይችላል። እባካችሁ ይህን ጻፉት፦ የግፊት ኪኒን፣ የሽንት ኪኒን፣ ዲክሎፌናክ። ኢናላፕሪልም ሃይድሮክሎሮታያዛይድም በየጤና ጣቢያችን የተለመዱ ናቸው፤ ዲክሎፌናክ ደግሞ በየፋርማሲው አለ። ሦስቱ በአንድ ፌስታል መገናኘታቸው እንግዳ ነገር አይደለም። ኦሜፕራዞሉስ? እርሱ ጨጓራን ይጠብቃል፤ ለኩላሊትም ሆነ ለልብ የሚያደርገው ጥበቃ የለም። «የጨጓራ መድኃኒት አብሬ እወስዳለሁና ግድ የለም» የሚለው ሒሳብ ግማሹ ጎድሎታል።

በነገራችን ላይ፣ ዲክሎፌናክ ኩላሊት ላይ ያለውን ኃይል ዓለም በግልጽ ያየው በሰው ሳይሆን በጥንብ አንሣ አሞራ ነው። በሕንድና በፓኪስታን አሞሮቹ በጅምላ ማለቅ ጀመሩ፤ አንዳንዶቹ ዝርያዎች ከመቶ ከዘጠና አምስት እጅ በላይ ጠፉ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2004 ምክንያቱ ታወቀ፦ ለከብት ሕክምና ዲክሎፌናክ ይሰጥ ነበር፤ ከብቱ ሲሞት ሥጋውን የበሉት አሞሮች ኩላሊታቸው ከጥቅም ውጭ ሆነ። ሕንድ በ2006 መድኃኒቱን ለከብት እንዳይሰጥ ከለከለች። የሰው ኩላሊት እንደ አሞራው ለዚህ መድኃኒት ስስ አይደለም፣ ይህን አስታውሳችሁ አትደንግጡ። ግን «ምን ያደርጋል፣ ተራ ማስታገሻ ነው» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ይህ ታሪክ ትዝ ይለኛል።

ወደ ጨጓራ እንምጣ። አንዳንዱ ሰው «ኪኒኑ ጨጓራዬን ስለሚነካኝ መርፌውን ውጉኝ» ይላል። ይህን በጥሞና ስሙኝ፦ መርፌውም ጨጓራን ይጎዳል። መድኃኒቱ ጨጓራን በዋናነት የሚጎዳው በደም አማካይነት ነው እንጂ ሲነካው ብቻ አይደለም። በመቀመጫ የገባውም፣ በአፍ የተዋጠውም ደም ውስጥ ይገናኛሉ። መርፌ የራሱ ተጨማሪ ጣጣም አለው። ቦታውን ስቶ ሲወጋ ወደ እግር የሚወርደውን ትልቅ ነርቭ ሊጎዳና እግርን ሊያነክስ ይችላል፤ ንጽሕናው ካልተጠበቀ መግል ይቋጥራል። የዲክሎፌናክ መርፌ ቢበዛ ለሁለት ቀን እንጂ እንደ ቡና ቁርስ በየሳምንቱ የሚወሰድ አይደለም። ለጉልበት ቁርጥማት በየጊዜው እየሄዱ መወጋት ፈጽሞ ሊቀር የሚገባው ልማድ ነው፤ እኔ በዚህ ላይ መለሳለስ አይታየኝም።

ጨጓራቸው ይበልጥ የሚያሰጋቸው እነማን ናቸው? ዕድሜያቸው ከስልሳ አምስት ያለፈ፤ ከዚህ በፊት ጨጓራቸው የቆሰለ ወይም የደማ፤ ለልብ ዋርፋሪን የሚወስዱ፤ ቤቢ አስፕሪን የሚወስዱ፤ ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታዞን አብረው የሚወስዱ፤ አረቄ የሚያዘወትሩ። ኤች ፓይሎሪ የሚባለው የጨጓራ ባክቴሪያም አገራችን ውስጥ በሰፊው አለ፤ ባክቴሪያውና ማስታገሻው ሲገናኙ የመቁሰል ዕድሉ ይጨምራል። ቁስል ኖሮባችሁ የሚያውቅ ከሆነ ማስታገሻውን ለረጅም ጊዜ ከመጀመራችሁ በፊት መመርመርና መታከም ይሻላል። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው፣ ያለ ሐኪሙ ፈቃድ ከእነዚህ ማስታገሻዎች አንዱንም በአፍም ሆነ በመርፌ እንዳይወስድ። በልጅነት የልብ ቫልቭ ሕመም ይዟቸው ዋርፋሪን የሚወስዱ ብዙ ወጣቶች በመካከላችን ስላሉ ነው ይህን ጠበቅ አድርጌ የምናገረው።

ቤቢ አስፕሪንን በተመለከተ አንድ የሰዓት ጉዳይ አለ። አይቡፕሮፌን ከአስፕሪን ቀድሞ ከተወሰደ አስፕሪኑ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ሥራ ሊያግድበት ይችላል። ሐኪም ሁለቱንም ከፈቀደላችሁ፣ አስፕሪኑን ቀድማችሁ ውሰዱና ቢያንስ ሠላሳ ደቂቃ ቆይታችሁ አይቡፕሮፌኑን አስከትሉ።

የጾም ነገርስ? በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ በረመዳን እስከ ማታ ባዶ ሆድ የሚውለው አድማጫችን ብዙ ነው። ጠዋት በባዶ ሆድ ዲክሎፌናክ መዋጥ ቃር ያመጣል። ከምግብ ጋር መውሰድ ቃሩን ይቀንሳል፤ ከቁስል ግን ሙሉ በሙሉ አያድንም፣ ቅድም እንዳልነው ጉዳቱ በደም በኩል ነውና። ውኃ ሳይጠጡ መዋል ደግሞ ለኩላሊት ሌላ ሸክም ነው። ስለዚህ ጾመኛ የሆነ የመገጣጠሚያ ሕመምተኛ ለሐኪሙ ጾሙን ይንገር። በቀን አንድ ጊዜ ብቻ የሚወሰድ መድኃኒት አለ፤ ሜሎክሲካም አንዱ ነው። ከማፍጠሪያው ምግብ ጋር መውሰድ ይቻላል። በቆዳ ላይ የሚቀባውም አለ፤ ወዲያው እመለስበታለሁ። የታመመ ሰው እንዴት መጾም እንዳለበት ደግሞ የንስሐ አባትንም ሆነ ሼኽን ቢያማክሩ መልስ አላቸው። ሁለቱም ሃይማኖቶች ለሕመምተኛ በር ከፍተዋል።

አሁን ልብ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1999 ቫዮክስ የሚባል አዲስ ማስታገሻ ገበያ ላይ ዋለ። ጨጓራን አይጎዳም ተብሎ ተወደሰ፤ ጨጓራን በመጉዳት በኩል እውነትም ከቀድሞዎቹ ይሻል ነበር። ግን ድንገተኛ የልብ ሕመምንና ስትሮክን እንደሚያበዛ ታወቀና በመስከረም 2004 አምራቹ ሜርክ ከዓለም ገበያ ሰበሰበው። ከዚያ በኋላ የቀድሞዎቹም ተመረመሩ። ዲክሎፌናክ ልብን በተመለከተ ከቫዮክስ ቤተሰብ ብዙም እንደማይርቅ ታየ፤ የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2013 የልብ ሕመም፣ የልብ ድክመት ወይም ስትሮክ ያለበት ሰው ዲክሎፌናክ እንዳይወስድ አሳሰበ። ናፕሮክሲን በልብ በኩል የተሻለ ስም አለው፤ ጨጓራን ግን ይበልጥ ይነካል። ሴሌኮክሲብ በተቃራኒው ለጨጓራ ይለዝባል፤ ልቡ የታመመ ሰው ግን ሐኪም ሳያማክር አይንካው። ኢንዶሜታሲን ለአረጋውያን አይመከርም፤ ጨጓራን ከመንካቱም ሌላ ራስ ምታት፣ ማዞርና ግራ መጋባት ያመጣል። አባታችሁ ማታ ማታ የሚሉት ነገር ካላማራችሁ፣ «አረጁ» ከማለታችሁ በፊት ምን እንደሚውጡ እዩ።

እንግዲህ ምን እንውሰድ ትሉኝ ይሆናል። ከዕድሜ ጋር የሚመጣውን የጉልበትና የእጅ መገጣጠሚያ ሕመም በተመለከተ፣ ብዙ ሰው የሚንቀውን ነገር አስቀድሜ እመክራለሁ፤ የዲክሎፌናክን ጄል። በጉልበት ላይ ሲቀባ ወደ ደም የሚገባው ከሚዋጠው ጋር ሲነጻጸር በጣም ጥቂት ነው፤ ለጉልበቱ ግን ይደርሳል። አጠቃቀሙ ላይ ግን ሰው ይሳሳታል፤ አንድ ጊዜ በጣት ጫፍ ነካ አድርጎ «አልሠራልኝም» ይላል። በቀን ሦስት አራት ጊዜ፣ ጉልበቱን ዙሪያውን በሚያዳርስ መጠን፣ ለአንድ ሁለት ሳምንት ሳያቋርጡ መቀባት ያስፈልጋል። ቁስል ላይ አይቀባም፤ ተቀብቶም በጋለ ነገር አይታሰርበትም። ለወገብና ለዳሌ ግን መገጣጠሚያው ጥልቅ ስለሆነ ጄሉ እምብዛም አይረዳም።

ፓራሲታሞልም አለ። ብግነት አያጠፋም፤ ማስታገሱም መጠነኛ ነው፤ ግን ግፊት፣ ኩላሊትና ጨጓራ ላለበት ሰው ከእነዚያ የተሻለ መነሻ ነው። የ500 ሚሊ ግራሙ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ከስምንት ፍሬ አይለፍ፤ አረቄ ለሚጠጣ፣ ጉበቱ ለታመመና ሰውነቱ ለከሳ ከዚያም ያነሰ ነው። ከውጭ የሚመጣው ታይሌኖልም ያው ፓራሲታሞል ነው፤ ስሙ ላይ ፒኤም የሚል ካለበት የእንቅልፍ መድኃኒት ተጨምሮበታልና ሌሊት ለሽንት የሚነሱ አረጋውያንን ሊጥላቸው ይችላል።

የሚዋጠው ፀረ ብግነት የግድ ሲሆን ደንቡ አጭር ነው፦ አንድ ዓይነት ብቻ፣ ከሚሠራው ትንሹ መጠን፣ ለሚያስፈልገው አጭር ጊዜ። አይቡፕሮፌን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሲወሰድ በቀን ከ1,200 ሚሊ ግራም፣ ማለትም ከሦስት ባለ 400 ፍሬ አይበልጥ። ዲክሎፌናክ በቀን ከ150 ሚሊ ግራም አይለፍ። ከአንድ ሳምንት በላይ ካስፈለጋችሁ ፋርማሲው ጋ ተመልሳችሁ አትሂዱ፣ ሐኪም ጋ ሂዱ፤ ግፊታችሁና ኩላሊታችሁ ይታይ። ስትሪፕ ሲቆረጥላችሁ ስሙ በወረቀት ላይ እንዲጻፍላችሁ ጠይቁ፤ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ይሁን፣ ቤት ያለው ሰው በሚያነበው ቋንቋ።

አንድ ሌላ አደጋ አለ፤ «ተአምረኛ» የሚባሉ መድኃኒቶች። ከዕፅዋት የተሠራ ነው ተብሎ የሚሸጥ፣ በሁለት ቀን ሽማግሌ የሚያስዘልል ነገር ካጋጠማችሁ ጠርጥሩ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2022 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አርትሪ ኪንግ የተባለ «የዕፅዋት» ውጤት ውስጥ ማሸጊያው ላይ ያልተጻፈ ዲክሎፌናክና ዴክሳሜታዞን አግኝቶ ሕዝቡን አስጠንቅቋል። ዴክሳሜታዞን ሕመሙን በእርግጥ ያጠፋል። ግን ለወራት ሲወሰድ ፊት ያብጣል፣ ስኳር ይነሣል፣ አጥንት ይሳሳል፤ በድንገት ሲቋረጥ ደግሞ ሰውየውን ራሱን ሊያስተው ይችላል። «ወፈርኩ፣ ተስማማኝ» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ያ ውፍረት ጤና አይደለም።

ሱሉልታ ላይ ለምትለማመዱ ሯጮች አንዲት ቃል። ረጅም ሩጫ ከመጀመራችሁ በፊት አይቡፕሮፌን መዋጥ ላብ ያደረቀውን ኩላሊት መፈተን ነው። ማስታገሻ መርፌ የሚወጋችሁ ሰው ምን እየወጋችሁ እንደሆነ ጠይቁ፤ የዴክሳሜታዞን ዓይነት መርፌዎች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ2022 ጀምሮ፣ ትራማዶል ደግሞ ከ2024 ጀምሮ በውድድር ጊዜ በዓለም አቀፉ ፀረ አበረታች መድኃኒት ኤጀንሲ የተከለከሉ ናቸው።

ደግሞ ማስታገሻ ብቻ የማይበቃቸው ሕመሞች አሉ። ሁሉንም «ቁርጥማት ነው፣ ብርዱ ነው» ብለን እናልፋቸዋለን። የሱሉልታ ብርድ ሕመሙን ሊያባብሰው ይችላል እንጂ ብርድ ብቻውን መገጣጠሚያ አያበላሽም። ሕፃን ልጅ ጉሮሮውን ታሞ ከሳምንታት በኋላ ትኩሳትና ከአንዱ መገጣጠሚያ ወደ ሌላው የሚዘዋወር ሕመም ከያዘው፣ ማስታገሻ ሰጥታችሁ አታስተኙት፤ ልቡን የሚጎዳው በሽታ እንዲህ ነው የሚጀምረው፣ ሐኪም ማየት አለበት። ጠዋት ጠዋት የሁለቱም እጆች ጣቶች ለሰዓት ያህል አልታጠፍ የሚሏችሁ፣ በተለይ ወጣት ሴቶች፣ የእናንተ በሽታ የራሱ መድኃኒት አለው፤ ማስታገሻ ብቻ እየዋጣችሁ ዓመት ካለፈ መገጣጠሚያው ይበላሻል። ከድግስ ማግሥት የእግር አውራ ጣቱ በሌሊት የቀላና የነደደ ሰው ሪህ ሊሆንበት ይችላል፤ የሽንት ኪኒንም ሪህ እንደሚቀሰቅስ ለሐኪሙ ያስታውስ። ጥሬ ወተት የምትጠጡ፣ ላም የምታልቡና የምታዋልዱ፣ የወገብና የመገጣጠሚያ ሕመም ከማታ ላብና ከሚመላለስ ትኩሳት ጋር ከመጣባችሁ ከከብት የሚተላለፈው ብሩሴሎሲስ ሊሆን ስለሚችል ከብት እንዳላችሁ ተናገሩ። ወተቱንም አፍልታችሁ ጠጡ። አንድ መገጣጠሚያ ብቻ በድንገት አብጦ፣ ጋል ብሎ፣ ትኩሳት ካለው ግን ለነገ አይባልም።

እርጉዝ እናቶች፣ በተለይ ከሃያኛው ሳምንት በኋላ፣ የሚዋጡትንም ሆነ የሚወጉትን ፀረ ብግነት ማስታገሻዎች አትውሰዱ፤ የፅንሱን ኩላሊት ይጎዳሉ። አስም ያለበት ሰው ማስታገሻ ወስዶ ትንፋሹ ካጠረው ዳግመኛ አይሞክረው።

ፀሐይ መሞቅ፣ ሙቅ ውኃ፣ ፍልውኃ ሕመም ያቀላሉ፤ ከማስታገሻ ጋር አይጣሉም። ክብደት መቀነስና የጭን ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ደግሞ ለጉልበት ከኪኒን የማይተናነስ ሥራ ይሠራሉ። ይህን ስል እንጨት ለምትሸከም እናት «ሸክም ቀንሺ» ማለት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። መድኃኒት ችግሯን አይፈታላትም፤ ቢያንስ ኩላሊቷን እንዳይጨምርባት ነው ይህን ሁሉ የምንለው።

አሁን የመጨረሻውን ጻፉ። ማስታገሻ የሚወስድ ሰው ሰገራው እንደ ሬንጅ ጠቁሮ የሚያጣብቅ ከሆነ፣ ደም ወይም የቡና አተላ የመሰለ ነገር ካስመለሰው፣ ሽንቱ ካነሰና እግሩ ካበጠ፣ ደረቱን ከጨነቀው፣ ፊቱ ወይም አንድ ጎኑ ከሰነፈበት፣ መድኃኒቱን ያቁምና ወዲያውኑ ሐኪም ዘንድ ይሂድ። የደም ማነስ ኪኒንም ሰገራን ያጠቁራል፤ ያንን ሐኪም ይለይላችኋል፣ እናንተ ቤት ሆናችሁ አትገምቱ። ከሰበታ ወደ አለርት፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ወደ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል መንገዱን ታውቁታላችሁ። መድኃኒት ያልተጠበቀ ጉዳት ካደረሰባችሁ ወይም አጠራጣሪ መድኃኒት ከሸጡላችሁ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነፃ የስልክ መስመር 8482 ነው።

ነገ ጠዋት ቤት ውስጥ ያለውን ኪኒን ሁሉ፣ ከመሳቢያም፣ ከትራስ ሥርም፣ ከውጭ የመጣውንም ሳትተዉ በአንድ ፌስታል ሰብስቡ። ፋርማሲ ወይም ጤና ጣቢያ ይዛችሁ ሂዱና «እነዚህ አብረው ይወሰዳሉ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። የእናትና የአባታችሁን ፌስታልም ይዛችሁላቸው ሂዱ።